ኑርዬ፣ አርባ አንድ ገደለ

ፈሂማ ከኩዌት ስትመለስ ሻንጣዋ ሲከፈት ለማየት የተሰበሰቡት የሐይቅ ከተማ ጎረቤቶች ወርቅ እንኳ ባይሆን ጥሩ ጥሩ ልብስ ጠብቀው ነበር። የወጣው ግን ሁለት አባያ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ አሮጌ ላፕቶፕ፣ መዳፍ የምታህል ጥቁር ሀርድ ዲስክና በእጅ የሚያዙ ሦስት የጌም መሣሪያዎች ነበሩ። እናቷ መስኡዳ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ አገላብጣ አየችና፣

«ስድስት ዓመት ሙሉ የለፋሽው ለዚህ ነው?» አለቻት።

«ሸይኻ ናት የሰጠችኝ» አለች ፈሂማ። ከዚያ በላይ ማስረዳት አልቻለችም።

ሸይኻ የአሠሪዎቿ ልጅ ነበረች። እግሮቿ ከልጅነቷ ጀምሮ የማይሸከሟት፣ ከአልጋ የማትወርድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ። ፈሂማ የተቀጠረችው እሷን ልታጥብ፣ ልታገላብጥና ልታጎርስ ነው። ልጅቱ ግን ከአልጋዋ ሆና የምትሰበስበው ነገር ነበራት፤ በእጅ በሚያዙ መሣሪያዎች ላይ የሚሠሩ ጌሞችን፣ ከመወለዷ በፊት የወጡትን ሳይቀር። ሦስት ሺህ ከምናምን ነበሩ። ሁሉም እዚያች ጥቁር ዲስክ ውስጥ ዝም ብለው የተጠቀጠቁ ናቸው። ግማሹ ስሙ በጃፓን ፊደል ነው፤ ግማሹ ቁጥር ብቻ ነው፤ አንዱ ጌም አምስት ቦታ ይገኛል፤ ሲከፈት ባዶ የሚሆንም አለ። ሸይኻ ይህን ሁሉ መልክ ልታስይዝ ፈለገች። ለዚሁ የተሠራ የመመዝገቢያ ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ ጫነች። ለእያንዳንዱ ጌም አንድ ገጽ ይከፍታል፦ ሥዕሉ፣ ስሙ፣ የሚሠራበት መሣሪያ፣ የወጣበት ዓመት፣ ዓይነቱ፣ ቋንቋው፤ ከታች ደግሞ ማስታወሻ። የልጅቱ ጣቶች እየደከሙ ሲመጡ የምትጽፈው ፈሂማ ሆነች። መጀመሪያ እንደታዘዘችው ፊደል ትለቅም ነበር። በዓመቱ ግን ሸይኻ ሳታዝዛት የተደገመውን ትሰርዛለች፣ የተሳሳተውን ዓመት ታርማለች፣ ሥዕሉን ከነስሙ ታገናኛለች። ሌላውን ጊዜዋን ሁሉ ሰው ሲያዛት፣ ሲቆጣት፣ ሲጠረጥራት ዝም ብላ ነው የምታሳልፈው። ዝም ማለት ስድስት ዓመት ሙሉ ከብዙ ነገር አድኗታል። በሸይኻ ክፍል ውስጥ ብቻ «ይሄ እዚህ አይገባም፤ ቦታው እዚያ ነው» ማለት ትችል ነበር።

ዘጠኝ መቶ ያህል እንደመዘገቡ ልጅቱን ለሕክምና ወደ ውጭ ወሰዷት። ስትወጣ ላፕቶፑን፣ ዲስኩንና መሣሪያዎቹን ለፈሂማ ሰጠቻት። አልተመለሰችም። በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ኮሮና ሲገባ ፈሂማንም አሰናበቷት።

ታናሽ ወንድሟ ሰዑድ ሻንጣው ሲከፈት ከሁሉ ኋላ ቆሞ ነበር። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ትምህርቱን አቋርጦ ባጃጅ እየነዳ ነበር። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ አንዱን መሣሪያ አብርቶ ቁጭ አለ፤ ምሳ ቀርቦለት አልተነሳም።

«እታለም፣» አላት፣ «ይህን የመሰለ ነገር ሻንጣ ውስጥ አይቀመጥም። ቤት እንክፈትበት።»

ከፈቱ። መንገድ ዳር ያለችውን የፊት ክፍላቸውን ጌም ቤት አደረጓት። ሰዑድ ሰው ማጫወት ያውቅበታል፤ ገበያተኛውም ተማሪውም ባጃጅ ነጂውም እሱ ዘንድ ተሰብስቦ ይስቃል። ፈሂማ ከመጋረጃው ጀርባ ከላፕቶፑ ጋር ናት። እሷ ትመዘግባለች፣ እሱ ይሞክራል፤ «ይሠራል»፣ «አይሠራም»፣ «መሐል ላይ ቀጥ ይላል» እያለ በመጋረጃው በኩል ይጮኽላታል፤ እሷ ማስታወሻው ላይ ታስገባለች። ኢንተርኔቱ በየጊዜው ስለሚጠፋ ፕሮግራሙ ሥዕሉንና ዓመቱን ራሱ ፈልጎ አያመጣም፤ ሁሉን በእጇ ነው የምትሞላው፣ ያውም በአማርኛ። በቀን አሥር፣ አንዳንድ ቀን ሃያ። ከተማው ጌም ቤቱን የሰዑድ ብሎ ነው የሚያውቀው። ፈሂማም እንደዚያ መሆኑን ወደደችው። ከዐረብ አገር የመጣች ሴት በምን ትስቃለች፣ ከማን ጋር ታወራለች የሚል ዓይን ስለሚበዛ መጋረጃው ተስማማት።

ተጫዋቹ ሁሉ «ምን ምን አለ?» እያለ ሲያስቸግር ሰዑድ አንድ ሐሳብ አመጣ።

«ዝርዝሩን በወረቀት አውጪውና ክላሴር ውስጥ እናድርገው። እያገላበጡ ይምረጡ።»

አርባ አራት ገጽ ወጣ። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ አሳተመው። እሽቅድምድም፣ እግር ኳስ፣ እንቆቅልሽ፣ ውጊያ፤ ሁሉም በየርዕሱ። ከዚያ ሰዑድ በማስታወሻው ቦታ ላይ የተጫዋቾቹን ውጤት ከነቀኑ በእስክሪብቶ መጻፍ ጀመረ፤ ልጆቹም ስማቸውን ለማየት ሲሉ ይፎካከራሉ። በየወሩ ፈሂማ እሱ የጻፈውን ወደ ፕሮግራሙ አስገብታ ክላሴሩን እንደ አዲስ ታሳትመዋለች። ውጊያ የሚለው ክፍል እንዲህ ይል ነበር፦ «ኑርዬ፣ አርባ አንድ ገደለ። አብዱልከሪም፣ ሠላሳ ስምንት ገደለ፣ ሁለት ጊዜ ሞተ። ሐሰን፣ ድልድዩን ያዘ።» ኑርዬ የጎረቤታቸው የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ነው፤ ዶሮ ሲታረድ የማያይ ፈሪ። ስሙን እያሳዩ ይስቁበት ነበር።

በሁለት ሺህ አሥራ አራት መስከረም መጨረሻ ላይ መስኡዳ እህቷ ታማባት ወደ አምባሰል ሄደች። የእህቷ ቤት ከውጫሌ በላይ፣ ተራራው ሥር ነው። «ሳምንት ልቆይ» ብላ ነበር። ጦርነቱ ከሰሜን እየገፋ መጥቶ በጥቅምት ውጫሌን ያዘና መንገዱ ተቆረጠ። በሐይቅ በኩል የሚያልፈው ተፈናቃይ መንገዱን ሞላው፤ ፍራሽ የተሸከመ፣ በግ የሚጎትት፣ ሽማግሌ ያዘለ። ጎረቤቱ ቤቱን እየቆለፈ ወደ ደሴ ወጣ። ኑርዬም ሊሰናበታቸው መጥቶ ነበር።

«አትመጡም?» አለ።

«እማዬ ከወዲያ ናት» አለ ሰዑድ። «እሷ እየመጣች እኛ ብንሄድ ባዶ ቤት ነው የምታገኘው።»

ፈሂማ እግሯ ለመሄድ ተነስቶ ነበር። ግን እሱ ካለ እኔም አለሁ አለች። ሁለቱም ቀሩ።

መብራት ጠፋ፤ ስልክም ተከትሎ ጠፋ። ከጥቂት ቀናት የሩቅ ተኩስ በኋላ ታጣቂዎቹ ከተማዋን ያዙ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚጠይቁት ምግብና ስልክ ነበር፤ ሰውም የሚሰጠውን እየሰጠ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ላፕቶፑ ሞተ። መሣሪያዎቹም አንድ በአንድ ሞቱ። የመጨረሻዋን ሰዑድ ባትሪዋ እስኪያልቅ ተጫውቶባት ስትጠፋ፣ «አብሽሪ፣ መብራቱ ሲመጣ ካቆምንበት እንቀጥላለን» አላት። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ደርሰው ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ከታጣቂዎቹ ሁለቱ ተገደሉ። ማን እንደገደላቸው አልታወቀም። በማግስቱ ጠዋት፣ ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የቤት ለቤት ፍተሻ ተጀመረ።

እነ ፈሂማ ቤት አራት ሆነው ገቡ። መሪያቸው መነጽር ያደረገ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሦስቱ ጓዳውን ሲበረብሩ እሱ በፊት ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ክላሴር አነሳ። ቆሞ ያገላብጥ ጀመር። አንድ ገጽ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ኑርዬ ማነው?» አለ።

«ጎረቤት ነው» አለ ሰዑድ። «ሄዷል።»

«አርባ አንድ ገደለ ይላል።»

ሰዑድ ፈገግ ሊል ቃጣውና ተወው። «ጌም ነው፣ ጌታዬ። ጨዋታ ነው። ልጆች እዚህ እየመጡ ይጫወታሉ፤ ውጤታቸው ነው።»

«ሐሰን፣ ድልድዩን ያዘ። የትኛውን ድልድይ ነው?»

«የጌሙን። ጌሙ ላይ ድልድይ አለ።»

«ቀንም አለው» አለ ሰውየው፣ ጣቱን እያስኬደ። «ስም፣ ቀን፣ የገደለው ብዛት። ይህን የመሰለ ሰነድ አይቼ አውቃለሁ። ጨዋታ ግን አልነበረም።» ላፕቶፑን በአገጩ አመለከተ። «አብራውና ጨዋታውን አሳየኝ።»

«መብራት የለም። ባትሪው ሞቷል።»

«እነዚህስ?»

«እነሱም ሞተዋል።»

ሰውየው ክላሴሩን ዘጋ። ሦስቱ ከጓዳ ወጥተው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ማነው የጻፈው?»

መልሱ አፏ ውስጥ ነበር። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የጻፈችው እሷ ናት፤ የትኛው ጌም በየትኛው ዓመት እንደወጣ በቃሏ ልታወርድለት ትችል ነበር። ምላሷ ግን አልታዘዝ አላት። አንድ ጊዜ ተነፈሰች፣ ደገመች። ሦስተኛውን ሳትተነፍስ ሰዑድ፣

«እኔ ነኝ» አለ።

ሰውየው ወደ እሷ ዞረ። «አንቺስ?»

«እሷ ምንም አታውቅም» አለ ሰዑድ ቀልጠፍ ብሎ። «እህቴ ናት። ዐረብ አገር ሠራተኛ ነበረች። ማንበብም አትችል።»

«ማንበብ አትችይም?»

ፈሂማ ራሷን ነቀነቀች። አልችልም አለች፣ በአንገቷ።

ከሰዑድ ጋር ዓይን ለዓይን ተገናኙ። እሱ ዓይኑን ቀስ ብሎ ከደነና ከፈተ፤ ደግ አደረግሽ እንደማለት ነበር። እጁን ወደ ኋላ አሰሩት። ላፕቶፑን፣ ዲስኩን፣ ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን ሁለቱን መሣሪያዎችና ክላሴሩን በአንድ ማዳበሪያ ከተው ወጡ። ከሌላ ሰፈር የያዟቸው ወንዶችም መንገድ ላይ ነበሩ። በበር ስንጥቅ ያዩ ሴቶች ለፈሂማ እንደነገሯት፣ ሁሉንም ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ የእህል መጋዘን ነዷቸው።

ፈሂማ መሐል ቤቱ ላይ ቆማ ቀረች። ምን ያህል እንደቆመች አታውቀውም። ያነቃት አንድ ነገር ነው። ሦስተኛዋ መሣሪያ ጠረጴዛው ላይ አልነበረችም። ሰዑድ የተጫወተባት፣ የመጨረሻዋ፣ ፍራሹ ሥር ናት። የውጊያው ጌም ውስጧ አለ። ጌሙ የተጫዋቾቹን ውጤት ራሱ ይይዛል፤ ሦስት የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነው የሚቀበለው፣ የኑርዬም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት ከነአርባ አንዱ ተጽፈዋል። ብትበራ፣ ያ ሰው በዓይኑ ቢያያት፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ገመዷ የስልክ ገመድ ነው። ከተማው ውስጥ ግን ኤሌክትሪክ የለም።

ጋሽ ባዬ ትዝ አሏት። ከሐይቁ ዳር የሚኖሩ፣ የሟች አባቷ ጓደኛ የነበሩ ዓሣ አስጋሪ ናቸው። ጣሪያቸው ላይ ትንሽ ሶላር አላቸው። መሣሪያዋን ጡቷ ሥር አስራ፣ ነጠላዋን ደራርባ፣ ዋናውን መንገድ ትታ በማሳ በማሳ ወጣች። አራት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ደረሰች። ስትነግራቸው ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነበር፤ ራሷን እንደነቀነቀች ግን አልነገረቻቸውም። ወንድሜ ጽፏል አሉ፣ ወሰዱት፣ ብቻ ነው ያለችው።

ጋሽ ባዬ ሳይጠይቁ መሰላል አቆሙ። የሶላሩን ሣጥን ከፍተው ገመዱን ሰኩት። መሣሪያዋ ጥግ ላይ ቀይ መብራት አሳየች።

«ስንት ሰዓት ይፈጅባታል?» አሉ።

«በመብራት ቢሆን ሁለት ሰዓት።»

«በዚህስ?»

አላወቀችም። ጣሪያው ላይ ወጥተው የሶላሩን መስተዋት በቆብ ጠረጉት። ፀሐይዋ ጥሩ ነበረች። ሆኖም ከተራራው በኩል ደመና እየመጣ አልፎ አልፎ ይሸፍናታል፤ በሸፈናት ቁጥር ቀዩ መብራት ይፈዛል፣ የፈሂማም ልብ አብሮ ይፈዛል። ውሃ ቢሰጧት አልጠጣ አላት። አንድ ጊዜ ተነስታ ነቀለችውና ለማብራት ሞከረች፤ የአምራቹ ምልክት ብልጭ ብሎ ጠፋ። እንደገና ሰካችው።

«ቆይ ልጄ» አሏት። «መንገድ ላይ ብትጠፋብሽ ምን ታደርጊያለሽ? ቆይ፣ ትጥገብ።»

ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰባት ሆነ። ሰባት ተኩል ላይ ሞከረቻት፤ በራች፣ አልጠፋችም። ውጊያውን ከፈተችው። ውጤቱ አለ። የኑርዬ ሦስቱ ፊደላት፣ አርባ አንድ። አጠፋቻትና ተነሳች።

«አብሬሽ ልምጣ» አሉ ጋሽ ባዬ።

«ወንድ ካዩ አብረው ይይዛሉ። ዱዓ ያድርጉልኝ፣ ጋሽዬ።»

ከመጋዘኑ በር ላይ የቆመው ጠባቂ አገጩ ላይ ፂም እንኳ በወጉ ያላበቀለ ወጣት ነበር። «ወንድሜን ጠዋት አምጥታችሁታል፤ በስህተት ነው፤ ላሳይህ» አለችው። አሁን ምላሷ ተፈትቷል፤ እንደ ውሃ ይወርዳል። «ዝርዝሩ የኔ ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እሱ አይደለም። ጨዋታ ነው። ይኸው እየው።» መሣሪያዋን አብርታ ሰጠችው።

ልጁ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አደረገና በሁለት እጁ ተቀበላት። ዙሪያውን ገልመጥ ገልመጥ አለ። አዝራሮቹን ሳታሳየው አገኛቸው።

«ይህቺንማ አውቃታለሁ» አለ። ፊቱ የልጅ ፊት ሆነ። «ድልድዩ ላይ ስትደርስ ከኋላ ይመጡብሃል።»

«አዎ! አዎ፣ ድልድዩ! ወንድሜ የሚለው እሱን ነው። መነጽር ላለው ሰውዬ አሳይልኝ። በአላህ ይሁንብህ፣ ጥራልኝ።»

ልጁ ትንሽ ተጫወተ። ከዚያ ዓይኑን ከመሣሪያዋ ሳያነሳ፣

«እዚህ ማንም የለም» አለ። «ስድስት ሰዓት ላይ በመኪና ጫኗቸው።»

«ወዴት?»

«እኔ አልጠየቅሁም።»

«ሁሉንም?»

«የያዝናቸውን ሁሉ።» አሁን ቀና ብሎ አያት። «ጠዋት ብታመጪው ኖሮ ጥሩ ነበር።»

እጇን ዘረጋች። ልጁ መሣሪያዋን አጥፍቶ ኪሱ ውስጥ ከተታትና፣ «ሂጂ» አላት። ሦስት ሺህ ከምናምን ጌም የነበረበት ስብስብ፣ የሸይኻ ሦስት ዓመትና የእሷ ሁለት ዓመት የተጻፈበት መዝገብ፣ በዚያ ቀን እንዲህ አለቀ። ዲስኩም ላፕቶፑም ከዚያ ወዲህ አልተገኘም። ፈሂማ ግን ለዚህ ያለቀሰችበት ቀን የለም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፈቻቸው ለማንም አትናገርም። በኅዳር መጨረሻ ታጣቂዎቹ ለቀው ወጡ። ሰው ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከየጫካው መመለስ ጀመረ። ጋሽ ባዬ የተሰረቀች ታንኳቸውን ፍለጋ በሐይቁ ዳር ሲሄዱ አንድ ገደል ሥር ደረሱ። የአሥራ አንድ ሰዎች አስከሬን ወድቆ ነበር። ለመለየት ፊት አልነበረም፤ ሰው የየራሱን በልብሱ ነው ያወቀው። ፈሂማ ሰዑድን ያወቀችው በሹራቡ ነው፤ ክርኑ ላይ የተተረተረውን እሷው በሌላ ቀለም ክር ጠቅማው ነበር። እዚያው አፈር ላይ ተቀመጠች። ሼሁ ጀናዛቸው ላይ ሰገዱ፤ ጋሽ ባዬም ከክርስቲያን ጎረቤቶች ጋር ቆፈሩ።

ለቅሶ የመጣው ሰው አንድ ነገር ያወራ ነበር። «ያ ጌም በላው» ይላል። «ምን ነበር እንዲህ ያለ ነገር ባይጽፍ?» ይላል ሌላው። ፈሂማ ጥግ ተቀምጣ ትሰማለች። በሦስተኛው ቀን ኑርዬ መጣ። ከደሴ አልፎ እስከ ኮምቦልቻ ሸሽቶ ነበር፤ ጎኑ አጥንት ብቻ ሆኗል። በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

«በኔ ስም ነው» አለ። «ወላሂ፣ በኔ ስም ነው የሞተው።» ሰዎች ደግፈው ወሰዱት። ፈሂማ ያን ጊዜም ዝም አለች።

መንገዱ ሲከፈት ወደ እናቷ ወጣች። እስከ ውጫሌ በሚኒባስ፣ ከውጫሌ እስከ ተራራው ሥር በእግሯ። የተቃጠሉ መኪናዎች ከመንገድ ዳር ተጋድመዋል። ማሽላው ሳይሰበሰብ ማሳ ላይ ቀርቶ ወፍ ይጫወትበታል። መርዶው ቀድሟት ደርሶ ነበር። መስኡዳን ከእህቷ ቤት ደጅ መደብ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት፤ ከሲታ ሆናለች። ተቃቅፈው አለቀሱ። ሲወጣላቸው መስኡዳ፣

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች። «እኔን ስትጠብቁ ነው የቀራችሁት። ሳምንት ብዬ... ምን ነበር ባልመጣሁ?»

ፈሂማ ወደዚህ ስትመጣ መንገዱን ሙሉ ልንገራት ወይስ ልተወው ስትል ነበር። ይህን ስትሰማ ግን ሌላ መንገድ አጣች።

«እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም። ያንን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«እንዴት?»

«ጌሙ የኔ ነበር። ሁሉንም የምጽፈው እኔ ነኝ። ሰውየው ማን ጻፈው ሲል እኔ ዝም አልኩ፤ ሰዑድ እኔ ነኝ አለ። እሷ ማንበብም አትችል አለው። ሰውየው ጠየቀኝ። አልችልም አልኩ።»

መስኡዳ እጇን ከፈሂማ ላይ አነሳች።

«በአፍሽ?»

«በአንገቴ።»

«እሱ አየሽ?»

«አየኝ።»

«ምን አለ?»

«ምንም አላለ። ዓይኑን ከደን አደረገ።»

መስኡዳ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። ወደ ጓሮ ሄደች። ፈሂማ መደቡ ላይ ብቻዋን ቀረች። አክስቷ ምን እንደተፈጠረ ሳታውቅ ቂጣ አቀረበችላት፤ አልነካችውም። የዙህር ሰዓት ደረሰ፤ መስኡዳ ውዱእ አድርጋ ተመልሳ መጣችና ሰገደች። ሰላት ስትጨርስ እዚያው ስጋጃው ላይ እንደተቀመጠች፣ ሳትዞር፣

«ሌላ ማን ያውቃል?» አለች።

«ማንም።»

«የጨርቅ ነጋዴው ልጅ፣ ኑርዬ፣ በስሜ ሞተ እያለ ራሱን ጥሏል አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ያ ልጅ ምን አደረገ? ምንም ያደረገው ነገር የለም። ሂጂና ንገሪው። እሱ ባልሠራው እየተቃጠለ አንቺ ቤት ውስጥ መቀመጥሽን አልወደውም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ብትናገሪ አንቺን ይወስዱ ነበር። አውቀዋለሁ። ከሁለታችሁ የትኛው ይሂድ ብለው እኔን ቢጠይቁኝ ምን እል ነበር... አስተግፊሩላህ። አሁን ሂጂ። ዛሬ እዚህ አትደሪ። ፊትሽን ሳየው እሱን ነው የማየው።»

ፈሂማ በመጣችበት ተመለሰች። በማግስቱ ጠዋት የጨርቅ ነጋዴው ቤት ሄደች። ኑርዬ ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ ተጋድሞ ነበር፤ እናቱ አጠገቡ ጎመን ትከትፋለች። ፈሂማ ቆማ፣ እናቱም እየሰማች፣ ሁሉንም ነገረችው፤ ማን እንደሚጽፍ፣ ማን እንደተጠየቀ፣ አንገቷ ምን እንዳለ። ስትጨርስ የልጁ እናት ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«እና እስከ ዛሬ ልጄን እንዲህ ሆኖ እያየሽው ዝም አልሽ?» አለቻት።

«አዎ።»

«ከቤቴ ውጪ።»

ኑርዬ ግን ተነስቶ እስከ በሩ ሸኛት። የሚናገር መስሏት ቆመች። ልጁ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረ፤ ከለቅሶ ቤት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ይላሉ። እሷም በሩ ላይ ጥላው ወጣች።

ወሬው በሳምንት ከተማውን ዞረ። ሰላምታ የነሷት ሴቶች አሉ። «ወንድሟን አስበልታ» የሚል ሰምታለች፤ ከኋላዋ ሆነው ሲናገሩ ሳይሆን ፊት ለፊቷ። «ምን ታድርግ፣ ጠመንጃ ነው የተደገነባት» የሚሉም ነበሩ፣ ጋሽ ባዬም ከእነሱ አንዱ ናቸው፤ ግን እነሱን ስትሰማ የበለጠ ያማታል። አንድ ቀን በገበያ መሐል የማታውቃት ሴት አስቁማ፣ «ያ ጌም ቤት የማን ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። ለማረጋገጥ ይሁን ለመውቀስ አልገባትም።

«የኔ» አለች ፈሂማ።

መስኡዳ ከአምባሰል የወረደችው በረጀብ ወር፣ የካቲት ላይ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ፤ ፈሂማ ስትከፍት እናቷ ጓዟን በራሷ ተሸክማ ቆማለች። አልተሳሳሙም። ገብታ ቤቱን ዞራ አየች። በፊት ክፍሉ ብዙ ቆየች፣ በባዶው ጠረጴዛ ፊት። ከዚያ ጓዳ ገብታ ጓዟን አወረደችና፣

«ውሃ አለ?» አለች።

«አለ።»

«አምጪልኝ።»

ፈሂማ አመጣችላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረው ይኖራሉ። ስለ ጨው፣ ስለ እንጨት፣ ስለ ሰላት ሰዓት ይነጋገራሉ። የሰዑድን ስም ግን እስካሁን አንዳቸውም በሌላዋ ፊት አልጠሩም።